ሦስተኛው ዳኛ ያነበቡት

ውድ ክቡር ዳኛ፣

ይህን በሕይወት ሳሉ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ድፍረቱን ያገኘሁት ካረፉ በአራተኛው ዓመት ነው።

የጨርቅ ቆራጯን መዝገብ ዛሬ የሕግ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በልብስ ፋብሪካ የመቁረጫ ማሽን ሦስት የቀኝ እጅ ጣቶቿን አጥታ ፋብሪካውን ከሰሰች። ፋብሪካው «የምላጩን መከለያ ያነሳችው ራሷ ናት» አለ። እሷ «ሥራ ይፈጥናል ብሎ ፎርማኑ ነው ያስነሳኝ» አለች። ጠበቃ አልነበራትም።

ውሳኔው የተነበበ ዕለት የፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። የመሐል ዳኛው ክሱ ውድቅ መሆኑን አንብበው ወረቀታቸውን ሲያስቀምጡ፣ ሴትየዋ በእህቷ ተደግፋ ወጣች። እኔም ወጣሁ። ልማዴ ነበር፤ ምድር ቤት ያለው ስልክ አንድ ብቻ ስለሆነ ዘጋቢዎች እንሽቀዳደምበት ነበር። «ሦስቱ ዳኞች በሙሉ ድምፅ» ብዬ ለጋዜጣዬ በስልክ አስጻፍኩ። እርስዎ ያኔ የልዩነት ሐሳብዎን ማንበብ መጀመርዎ ነበር።

በማግስቱ ኮሪደር ላይ አገኙኝ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ትናንት እኔን ከማን ጋር ደመርከኝ?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። መዝገብ ቤት ገብቼ ሳነብ ሳቄ ጠፋ። ለአዘጋጁ ነገርኩት።

«ሴትየዋ ተሸንፋለች አልተሸነፈችም?» አለኝ።

«ተሸንፋለች።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምናርመው? ይልቅ የዛሬውን አምጣ።»

አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለኝ። ማረሚያ የወጣበት ዘጋቢ ለወራት የቢሮው መሳቂያ ነበር።

በዚያ ጊዜ ዳኞቹ በሐሳብ ካልተለያዩ ይግባኝ አልነበረም፤ ከተለያዩ ግን ስልሳ ቀን ይሰጥ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። እሷ ውሳኔውን ያነበበችው ከእኔ ጋዜጣ ነው፤ እዚያው ተወችው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሌላ ሠራተኛ ጠበቃ የእርስዎን ሐሳብ ከመዝገብ አውጥቶ ተከራከረበትና ሕጉ ተለወጠ። ለእሷ ግን አልደረሰላትም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ማጣጠፏን አላቆመችም።

«ሳያውቁ ነው የጻፉት?» አለችኝ።

«ስጽፍ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ግን አወቅሁ።»

«ስልሳው ቀን ሳያልፍ?»

«ሳያልፍ።»

አንድ ሸሚዝ አጣጥፋ ሌላ አነሳች።

«እኒያ ዳኛ ምን ነበር ያሉት? እስቲ ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላት፦ «መከለያውን ያነሳው የከሳሿ እጅ ቢሆንም፣ ያስነሳት የፎርማኑ ትእዛዝ ነው። ቃሏን አምኛለሁ።»

እጆቿ ልብሱ ላይ ቆሙ።

«ሦስቱም ውሸታም ያሉኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ልጄም የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እናቴ በራሷ ጥፋት ተጎዳች ብሎ ነው ያደገው።»

ይቅርታ ጠየቅኋት።

«የእርስዎን ሌላ ቀን እናየዋለን» አለች። «አሁን ልጄ ከሥራ እስኪመጣ ቁጭ ይበሉ። ይቺን ለእሱም ያነቡለታል።»

ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ልጇ ሲመጣ ቆሞ መስማት ጀመረ። «ቃሏን አምኛለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ሄዶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። እኔን አላየኝም፤ እንዲያየኝም አልጠበቅሁም።

ማረሚያው እሁድ ይወጣል፣ በስሜ። ለእርስዎ ግን ቀድሜ ላድርስ ያልኩት ይህን ነው፦ ሰምታዎታለች።

አንብበው እስኪጨርሱ ያልጠበቀዎ፣
ዘጋቢው