ከአልጋው ሥር የወጣው ጡብ

ለምወድሽ እህቴ ለኢላሪያ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ምግቡ ተስማማሽ ወይ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? እንቅልፍስ? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳ አሁንም ይራገጣል? ባልሽ ክሬግስ እንዴት ሰነበተ? እኛ እዚህ ከእማማ የጉልበት ሕመምና ከአባባ ኩርፊያ በቀር ምንም ችግር የለብንም። ኩርፊያውም ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ተፈቷል። እንዴት እንደተፈታ ልነግርሽ ነውና ተደላድለሽ ተቀመጪና አንብቢው።

ልጅሽን እዚያው አውስትራሊያ እንደምትወልጂ ከጻፍሽልን ጀምሮ አባባ በደብዳቤዬ ግርጌ አንዲት ቃል እንዳላሰፈሩ ታውቂያለሽ። «በሰው አፈር ላይ የሚወለድ ልጅ የእኛ የቀንድ አውጣ ሰፈር ልጅ አይደለም፤ በምንጫችንም አይጠመቅም» ብለው ድርቅ አሉ። ልጁ በገዛ አፈራችን ላይ ተወለደ እንዲባል፣ ከአልጋሽ ሥር የሚቀመጥ አንድ እፍኝ የሰፈራችንን አፈር ለጉብኝት በሚመጡት አማትሽ በኩል እንድንልክልሽ ስትለምኚ ግን፣ አፋቸው ባይፈታም እጃቸው ተፈታ። ከምንጩ አጠገብ ቆፍረው፣ እንደ ዱቄት ነፍተው፣ በማርማላታ ጠርሙስ ሞልተው፣ በሰፈራችን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ጥብጣብ አሰሩት።

አማትሽ ወይዘሮ ግሌኒስ ከፍሎረንስ በመጣው አውቶቡስ ደረሱ። አባባ ገና ሰላም ሳይሏቸው ጠርሙሱን እጃቸው ላይ አኖሩት። እኔ ማስተርጎም ከመጀመሬ የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። «አይ አቶ ኦሬስቴ፣ ይህንንስ አልችልም። አፈር አገራችን አይገባም። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የጫማዬን ሶል ሳይቀር ገልብጠው ነው የሚያዩት» አሉ።

«አፈራችን ምን ሆነ? በሽታ አለበት?» ብለው አባባ ጠርሙሱን ነጥቀው ብብታቸው ሥር ከተቱት። ቀኑን ሙሉ ከዚያ አላወጡትም።

እንዲህ ሆነን ሲየናን ልናስጎበኛቸው ወጣን። አማትሽ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው የአደባባዩን ማማ እስከ ጫፍ ወጡት፤ እኔ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ደከመኝና፣ እንዳላፍር ጫማዬን የማስር መስዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ገበያ ገባን። የገለባ ባርኔጣ፣ ቡናማ የቆዳ ቦት ጫማና ፓንፎርቴ የሚባለውን የለውዝ ኬካችንን ሦስት ገዙ። አባባ ኬኩን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው «ለቱሪስት የተጋገረ ነው፣ ጥርስ ይሰብራል» አሉ። ይህን አልተረጎምኩትም።

ወይዘሮ ግሌኒስ ሳህን ካልገዛሁ አሉ። ሸክላ ሠሪው ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ያለው በባላንጣዎቻችን በኤሊዎቹ ሰፈር ነው። አባባ ከውትድርና ከተመለሱ ወዲህ ያን መንገድ ረግጠውት አያውቁም። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። አማትሽ «ለመሆኑ እነዚህ ኤሊዎች ምን በደሏችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ጎረቤቶቻችን ናቸዋ!» አሉ አባባ። ከዚህ በላይ ምን ይበሉ?

እሳቸውን ጥጉ ላይ ትተን ገባን። ወይዘሮ ግሌኒስ ስድስት ሳህን ሲያነሱ፣ እኔ ደግሞ ይሄንንስ አይከለክሏችሁም ወይ አልኳቸው። «ይሄማ እሳት የገባበት ነው! አፈርነቱ ቀርቷል። ንጹሕ ሸክላ ከሆነ አይተው ያሳልፉታል» አሉኝ። ሸክላ ሠሪው ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ በቋንቋችን ደገምኩለት።

«ምን አለች? እስቲ ድገሚው!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ስል አባባ ከነጠርሙሳቸው ሱቁ መሃል ቆመዋል። እንዴት እንደገቡ እሳቸውም አላወቁት። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ዱቺዮ ግን አይቷቸዋል፤ መላጩን እንደያዘ ብቅ ብሎ «ኦሬስቴ! መንገድ ጠፋህ ወይስ ንስሐ ገባህ?» ብሎ ጮኸ።

እኔ ጠብ ተነሣ ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። አባባ ግን «አፍህን ያዝ አንተ፣ ቸኩያለሁ! አያት ልሆን ነው!» አሉት። አያት የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም በኤሊዎች ሰፈር። እንባዬ መጣ፤ ደስ አለኝ።

ቤት ስንደርስ የሥራ መሮና መዶሻቸውን አወጡ። እኔም አንቺም የተወለድንበትን አልጋ ወደ ጎን ገፉና፣ ከሥሩ አንድ የወለል ጡብ ጥግ ሳይሸርፉ ፈልቅቀው አነሡ። አያታቸው ከሰፈራችን ጭቃ ሠርተው በእሳት የተኮሱት ጡብ ነው። እማማ በሶዳና በብሩሽ አንዲት ብናኝ እስከማይቀርበት ድረስ ፈተገችው። ወይዘሮ ግሌኒስም ነገሩ ሲገባቸው አዲሱን ቦት ጫማ ከሻንጣቸው አውጥተው ጡቡን በሹራብ ጠቅልለው በቦታው አስገቡ። ሆስፒታሉ እንዳይከለክል ብላቸው «ነርሶቹን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ። አማት አገኘሽ፣ እህቴ። ጫማው ለእኔ ልክ ነው፤ አሁንም አድርጌዋለሁ።

እማማ ሁለቱን ጉንጮችሽን ትስማለች። መጥረጊያዋ ቀዳዳው ውስጥ እየገባ አስቸግሯታል፤ አርባ ዓመት የሰው ወለል ሲሠሩ የኖሩ ግንበኛ የገዛ ቤታቸውን አልደፍንም አሉ ብላ ትከስሳቸዋለች። ጡቡን ክሬግ ያንሣው እንጂ አንቺ እንዳትነኪው ብላለች። ባሌ ጋስቶኔም ሰላም ብሎሻል። ክሬግን ሳሚልኝ፤ አማትሽንም አመስግኚልኝ። ከዚህ በታች ያለው የአባባ የእጅ ጽሑፍ ነው።

እህትሽ ፊያሜታ

ልጄ ኢላሪያ፣ ጡቡን በፖስታ እንዳትመልሺው። ልጁ በእግሩ መሄድ ሲችል ራሱ ይዞት ይምጣ። ቦታው ክፍት ነው።
አባትሽ

ሲየና፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.