ገንፎውን ያቀጠነው ብቅል

ሰኞ

መለስኩት። ሙሉ የጭነት መኪና ስንዴ። ዝናብ ላይ ከርሞ የበቀለ፣ ጫፉ ላይ ሥር ያወጣ ስንዴ አምጥተው "ትንሽ እርጥበት ነው ጋሼ" ይሉኛል። ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ፣ ማሞቂያው ውስጥ ከትቼ የመለኪያውን ዘንግ ለቀቅኩበት። ጥሩ ዱቄት ሲሞቅ ይወፍርና ዘንጉን ይይዘዋል። ይሄኛው እንደ ውሃ አሳለፈው። ስንዴ ሲበቅል ኢንዛይም ያመነጫል፣ ኢንዛይሙ ስታርቹን ይቆራርጠዋል፣ ዳቦው መሃሉ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። የግዢ ኃላፊው "አንተ ሰው፣ ልብህ ድንጋይ ነው" አለኝ። ይሁን። የዱቄት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ለስላሳ ልብ ምን ያደርግለታል?

ቤት የባሰ ጠበቀኝ። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሐኪም ቤት ተመዝኖ አሁንም ቀንሷል። ጭነት ሲያስር ከመኪናው ላይ ወድቆ መንጋጋው ተሰብሯል፤ ጥርሶቹ በሽቦ ስለታሰሩ በስትሮ ከሚመጠጥ በቀር ምንም አይገባለትም። ሐኪሙ "አርብ እናይሃለን፤ መቀነስ ካላቆምክ በአፍንጫህ የምግብ ቱቦ እናስገባልሃለን" ብሎታል። ሰይድ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ባለቤቴ ዘይነባ የምትሰጠው አጥሚት ቀጭን ነው። በአጭሩ ውሃ ነው። ወፈር ስታደርገው ስትሮው ይደፈናል። ወተት ሲበዛ ሆዱን ይነፋዋል። ሾርባ ሰለቸው። ተናደድኩ፣ ግን በማን?

ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሐሳቡ መጣልኝ። "ወራጅ አለ!" ብዬ ስጮህ ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ደነገጠች።

ያ የበቀለ ስንዴ ዱቄቱን ውሃ ካደረገው፣ ገንፎንስ? ዕድሜ ልኬን ከፋብሪካው ደጃፍ ያባረርኩት ነገር! ወፍራም ገንፎ ውሃ ሳይጨመርበት ከቀጠነ፣ እህሉ ሁሉ በስትሮ ያልፋል ማለት ነው።

የበቀለ ገብስ ደግሞ ገበያ ሞልቷል። ሳሪስ ገበያ ሄድኩ።

"ለድግስ ነው ጋሼ? ጌሾም አለኝ" አለች ብቅል ሻጯ።

"ለገንፎ ነው።"

"ብቅል ለገንፎ!" ሳቀችብኝ። ሻጋታ የሸተተኝን አንዱን ጆንያ አስነሳኋት፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን እፍኝ በእፍኝ ሳገላብጥ "እርስዎ ደግሞ አማች ሊመርጡ ነው እንዴ የመጡት?" አለችኝ። ደረቅ፣ ንጹህ አገኘሁ።

ሰይድ ሲያየው በታሰሩ ጥርሶቹ መሃል፣ "በዚህ ዕድሜዬ ጠላ ልታስጀምረኝ ነው?" አለኝ።

"ብቅል ማለት የበቀለ ገብስ ነው። ካልተጠመቀ ምኑ ያሰክራል?"

ፈጭቼ፣ ምድጃ ላይ እየተንተከተከ ያለ ገንፎ ውስጥ ጨመርኩት። አማሰልኩ። ጠበቅኩ። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"የዩኒቨርሲቲ ገንፎ ይሄ ነው?" አለች ዘይነባ።

ሰይድ ውሃ ውሃ የሚለውን አጥሚት ጠጥቶ ተኛ።

ረቡዕ

ደደብ። ራሴን ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። የፈላ ገንፎ ውስጥ መጨመር ማለት እንቁላል መቀቀል ነው፤ አንዴ ከረጋ አይመለስም። ለአዲስ ሠራተኞች ስንቴ ያስተማርኩት ነገር!

ከላቦራቶሪው ቴርሞሜትር ተውሼ መጣሁ። ገንፎውን አውርጄ ስልሳ አምስት ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ጠበቅኩት። በጣም ቢቀዘቅዝም አይሆንም፤ ሥራው ይዘገያል። አንድ ማንኪያ ብቅል። ማማሰል።

መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ ማንኪያው ቀለለኝ። ከዚያ ዘንበል አለ። ከዚያ ወደቀ! አንድ ጠብታ ውሃ ሳልጨምር ያ ሁሉ ገንፎ ከማንኪያ ላይ እንደ ዘይት ይወርድ ጀመር። "ዘይነባ! ነይ እዪ!" ጎረቤቱ ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም።

"ያቺ አንድ ማንኪያ ናት ይሄን ሁሉ?" አለች።

አዎ! የሚገርመው እሱ ነው። ኢንዛይሙ አንዱን ሰንሰለት ቆርጦ ይለቅና ወደ ሌላው ይሄዳል። ራሱ አያልቅም።

ተህዋስ እንዳይኖርበት፣ መቆራረጡም እንዲቆም መልሼ አፈላሁት። ሰይድ አንድ ትልቅ ኩባያ መጠጠ። ጣፈጠኝ አለ። ይጣፍጠዋላ፣ ስታርቹ ሲቆረጥ ስኳር ይወጣዋል።

ሐሙስ

እምቢ አለ! ያው ገንፎ፣ ያው ብቅል፣ ያው ሙቀት፣ ማንኪያው ግን ቆሟል። ቴርሞሜትሩን ሰደብኩ። ብቅል ሻጯን ሰደብኩ። ነገ አርብ ነው።

"ስድቡን ስትጨርስ ልንገርህ" አለች ዘይነባ። "ሰይድ ጣዕሙ ሰለቸኝ ሲል ገንፎው ላይ ሎሚ ጨምቄበታለሁ።"

"ብቅሉ ሳይገባ?"

"ሳይገባ።"

ሎሚ! አሲድ! የኢንዛይም ሥራው ቅርጹ ነው፤ ስታርቹን የሚይዝበት ቦታ አለው። አሲድ ሲበዛበት ቅርጹ ይበላሻል፣ መያዝ ያቅተዋል። ከመናደድ ይልቅ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱ ታወቀ። አዲስ አገነፋን። ሎሚውን መጨረሻ ላይ፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ጨመረችው። ሰይድ ኩባያውን ጨርሶ እንዲደገምለት በእጁ ጠቆመ።

አርብ

ከጁምዓ በፊት ሐኪም ቤት ደረስን። ሰይድ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ጫማውን አስወለቅኩት። ካልሲውንም ላስወልቀው ስል ነርሷ "ግድ የለም፣ በካልሲው ይበቃል" ብላ ሳቀች። ዘይነባ ዓይኗን ጨፈነች።

አልጨመረም። ግን አልቀነሰም! ሰኞ የነበረበት ላይ ነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። "ቱቦውን ለጊዜው እንተወው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እናየዋለን። ምን ሰጣችሁት?"

ነገርኩት። ከስታርቹ ሰንሰለት ጀመርኩ። ውጭ ወረፋ የያዙ ሰዎች በሩን ሁለት ጊዜ ከፍተው አዩን። ስለ ሙቀቱ ጨርሼ ወደ አሲዱ ስገባ ሰይድ እጅጌዬን ጎተተ። ከወደቀ ጀምሮ ብላ ስንለው ፊቱን ሲያዞር የከረመ ሰው ነው።

"ጋሼ" አለ በጥርሶቹ መሃል፣ "ሰውየውን ልቀቀው። ርቦኛል።"