የአባታችን ቀይ መኪና ስንት ኪሎ ሜትር ሮጠች?

ለክቡር አቶ ይታገስ
የቀጠና ሦስት የውርስ ንብረት ግምት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሞጣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለኮሚቴው አባላት ጤና፣ እንዲሁም በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የማይታረቁ ደብዳቤዎች ላይ አርፎ ምንም ላልሆነው ለኮሚቴው ማኅተም ጤና እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መኪናዋም ደህና ናት፤ ዛሬ ጠዋት አንዴ ቁልፍ ሳዞርላት ተነሥታለች።

ጉዳዬን በግልጽ ደብዳቤ ማቅረቤ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ቀደም ብዬ በእጄ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ገብተው እስከ ዛሬ ስላልወጡ፣ ሦስተኛውንም ለዚያ ጨለማ መስጠት አሳዝኖኝ ነው። ደግሞም ነገሩን ከእርስዎና ከእኔ በቀር የቢቸና ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው፣ እኛም ብናውቀው ጥሩ ነው ብዬ አሰብሁ።

እኔ ሥርጉት ስጦታው፣ ቢቸና መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። አባታችን አቶ ስጦታው ባለ መድኃኒት ቤት ነበሩ፤ ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ለእኔና ሞጣ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለእህል ነጋዴው ለሐብታሙ ትተውልን የሄዱት ሦስት ነገር ነው፦ ዋናው ቤት፣ እኔ የምሰፋባት የመንገድ ዳር ክፍልና አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና። ሰው በስልሳ አራት ዓመቱ ቆብ ይደፋል። የእኛ አባት ግን መንገድ ሲያሠራ ከቆየና ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ መሐንዲስ ላይ ያችን መኪና ገዙ። ዝቅ ከማለቷ የተነሣ የሚገባባት ሁሉ ይጎነበሳል፤ የሽምግልናው ዳኛ መሪጌታ ፋንታ እንኳ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነው የሚሄዱባት።

አሁን በትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

፩ኛ. ኮሚቴው በየካቲት መጀመሪያ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሁለት ሚሊዮን ብር ልታወጣ ትችል የነበረች መኪና «ሁለት መቶ ዐሥራ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር የሮጠችና በሥርጉት ስጦታው ያለ ቁጥብነት የተነዳች በመሆኗ» ዋጋዋ ዘጠኝ መቶ ሺህ ብቻ ነው ብሏል። ያለ ቁጥብነት መንዳቴን አምናለሁ። አባታችን ኩላሊታቸው ከከዳቸው ጀምሮ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቢቸና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ለእጥበት አመላልሻቸዋለሁ፤ ደርሶ መልሱ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቁጥብ ልጅ ብሆን ኖሮ በወር አንዴ ብቻ አስታጥባቸው ነበር፤ እሳቸውም ቶሎ ያርፉ፣ ቆጣሪውም ይተርፍ ነበር። ይህን ባለማሰቤ ኮሚቴውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሲመለሱ ደክሟቸው ወንበሩን አስተኝቼላቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስቤላቸው ነበር የምነዳው። ያንን ጊዜ «ያለ ቁጥብነት» ብሎ የጻፈው እጅ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቀው ግን ስሙን እዚህ በትልቁ እጽፈው ነበር፣ ተናድጃለሁና።

፪ኛ. ያ ዋጋ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ወንድሜ ሐብታሙ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ከጠዋት እስከ ምሳ «ይቺ መኪና ሞታለች፤ የቀረው ቆርቆሮዋ ነው፤ እህቴ ገደለቻት» ሲል አስረድቷል። ለሟች ይህን ያህል ሲያዝን አይቼው ስለማላውቅ ልቤ ተነክቶ ነበር። ኮሚቴው የእሱን ቁጥር ተቀበለ፤ እሱም ፈረመ። ነገር ግን እኛ ዘንድ ወንድምና እህት ሲካፈሉ አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ መሪጌታ ፋንታም ያንኑ አነሡ፦ «ዋጋ የቆረጠ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሌላው ነው።» ወንድሜ ይህን ደንብ ከልጅነቱ ጀምሮ ዳቦ ስንካፈል ያውቀዋል፤ የረሳው ያን ቀን ብቻ ነው። ሬሳ ናት ያላትን መኪና በሬሳ ዋጋ ሊወስዳት አስቦ እንደነበር የገባኝ፣ እኔ «መኪናዋን መርጫለሁ» ስል ፊቱን ባየሁ ጊዜ ነው። በዘጠኝ መቶ ሺህ ሒሳብ ከመኪናዋ ጋር የመንገድ ዳሯ ክፍል ለእኔ ትደርሳለች፤ ዋናው ቤት ለእሱ ይሆናል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ያችኑ ክፍል ነው። እንጀራዬ እሷ ውስጥ ነው፤ ሁለት የልብስ ስፌት መኪናና አንድ የካውያ ጠረጴዛ ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?

፫ኛ. በዐሥራ አራተኛው ቀን መኪናዋ ከሙታን ተነሣች። ወንድሜ አዲስ ማመልከቻ አስገባ፤ ኮሚቴውም በሁለተኛው ደብዳቤ «የስፖርት መኪና ለመሮጥ የተሠራች በመሆኗ ብዙ መሮጧ የጥንካሬዋ ማስረጃ እንጂ ጉድለት አይደለም» ሲል ዋጋዋን ወደ ሁለት ሚሊዮን መለሰ። ክፉ ሰዎች ይህን «በአንድ ራስ ሁለት ምላስ» ይሉታል። እኔ እንዲህ አልልም፤ የኮሚቴው አባላት ስድስት ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ራስ የሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ምላስ ብቻ ነው። ለእኔማ አሳቡ አዲስም አይደለም። በመጀመሪያው ቀን እኔ ራሴ ተናግሬው፣ «በስሜት አትናገሪ፣ ተቀመጪ» ተብዬ ተቀምጫለሁ።

እውነቱን የሚጠይቀኝ ባይኖርም ልናገረው። ቢቸና ያለው መካኒካችን ውበቴ እንደሚለው፣ በረጅም መንገድ ሳይቆራረጥ የሄደ ሞተር ቆሞ ከከረመ ሞተር ይሻላል። ዘይቷ በጊዜው ተቀይሯል፤ ፍሪሲዮኗም ሁለት ጊዜ። ሆኖም የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ላይ በወጣች ቁጥር ሆዷ ይፋቃል፤ ከታች ያልተበየደ ቦታ የላትም፤ የቀኙ ወንበር አባታችን በተኙበት በኩል ጎድጉዷል። ስለዚህ ብዙ መሮጥ ዋጋ ይቀንሳል ወይ ብባል፣ ይቀንሳል እላለሁ፤ ግማሹን ግን አይደለም። መሐል ላይ አንድ የሚያስማማ ዋጋ ነበር። ነገር ግን ዋጋ የቆረጥሁት እኔ አይደለሁም።

፬ኛ. ይኸኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ለግምት የመጡት ስድስቱ አባላት የመኪናዋን ኮፈን ሳይከፍቱ፣ አምስቱ በየተራ መሪ ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። ስድስተኛው ያልተነሡት በሩ ስላልበቃቸው ነው። ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ፤ በማስረጃነት ከመዝገቡ ጋር ቢያያዙ ደስ ይለኛል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ዋናው ልመናዬ አጭር ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ዋጋውን ለውጦ ምርጫዬን ግን እንደነበረ ይዞታል፤ መኪናዋን በሁለት ሚሊዮን ውሰጂ፣ ቤቱና ክፍሏ ለሐብታሙ ይሁኑ ይላል። ዋጋው ከተነሣ ምርጫውም ይነሣ። መኪናዋ የሞተች ከሆነች ሬሳዋን እኔው አነሣለሁ፤ ክፍሏም ከእኔ ጋር ትቀራለች። በሁለት ሚሊዮን በሕይወት ካለች ግን፣ ለወንድሜ በእልልታ አስረክባታለሁ፤ ቤቱንና ክፍሏን እኔ እወስዳለሁ። መሪጌታ ፋንታም ደንቡ ይኸው ነው ብለው ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጥተዋል። ኮሚቴው ከሁለቱ የወደደውን ይምረጥ። ሦስተኛ ደብዳቤ ከተጻፈ ግን፣ ያንንም ከነማኅተሙ የክፍሏ በር ላይ ለጥፌ እሰፋለሁ እንጂ አልወጣም።

ፍርድ ሲጠፋ ቁጥር ለሚያበዙ፣ ቁጥር ሲጠፋ ቀጠሮ ለሚሰጡ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ያለኝን ክብር በሁለቱም ዋጋ፣ በዘጠኝ መቶ ሺሁም በሁለት ሚሊዮኑም፣ ሳላጓድል አቀርባለሁ።

ታዛዥዎ፣ በተለይ ትእዛዙ አንድ ሲሆን፣

ሥርጉት ስጦታው
ልብስ ሰፊ፣ ቢቸና

ግልባጭ፦ ለመሪጌታ ፋንታ፤ ለወንድሜ ለሐብታሙ፤ ለመካኒክ ውበቴ፤ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ በሁለተኛው ደብዳቤ ግርጌ «ከኪሎ ሜትሩ ውስጥ ምን ያህሉ ለግል መዝናኛ እንደዋለ ይገለጽ» ተብያለሁ። አንድ ነገር ደብቄያለሁና ልናዘዝ። ባሕር ዳር ስንሄድና ስንመለስ ሞጣን ባለፍን ቁጥር አባታችን ከዋናው መንገድ አስወጥተው በሐብታሙ በር በኩል ያስዞሩኝ ነበር። «ቀስ በይ፣ ጥሩምባ ንፊለት፣ ወጥቶ ይየኝ» ይሉኛል፤ እነፋለሁ፤ ትንሽ እንጠብቃለን፤ ከዚያ «ሥራ በዝቶበት ነው፣ ንጂ» ይሉኛል። ዙሩ ስድስት መቶ ሜትር ነው፤ ዋጋው ከእኔ ድርሻ ይቀነስ። በሩ የተከፈተው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሠራተኛዋ ናት የከፈተችው። ሐሙስ ኮሚቴው ለጠራኝ ለዳግም ግምት መኪናዋን ሞጣ ይዤ ስመጣ ግን በዋናው መንገድ ቀጥ ብዬ እመጣለሁ፤ በዚያ በር በኩል አዙሪኝ የሚለኝ ሰው የለም።