የቤታችን ኮምፒውተር ተሠርቷል

ፍቅርአዲስ፣

ኮምፒውተሩ ተሠርቷል። ካባላጋላ ሰፈር ያለው ጠጋኝ አቧራውን አራግፎ አንዲት ዕቃ ቢቀይርለት ተነሣ። አንቺ ግን «አርጅቷል፣ ጥለነው አዲስ እንግዛ» እያልሽ ሁለት ወር ነዘነዝሽኝ። ለምን እንደቸኮልሽ አሁን ገባኝ።

ሁዳዴ ላይ ለሚካኤል ማኅበራችን ስም የሌለው ደብዳቤ ደርሶ ነበር፤ «ፋንቱ በጾም ሮሌክስ፣ ያንን እንቁላል በቻፓቲ የሚጠቀለልበትን ትበላለች» የሚል። በእሱ ሰበብ የድግስ ተራዬን ነጥቀው ላንቺ ሰጡ። ያ ደብዳቤ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፣ ሦስት ጊዜ ተረቅቆ። የምንጠቀምበት ደግሞ ሁለታችን ብቻ ነን።

መብላቴ እውነት ነው። ታምሜ ከክሊኒክ ስንመለስ፣ የተሳፈርንበትን ቦዳ ሞተር መንገድ ላይ አስቁመሽ የገዛሽልኝ አንቺ ነሽ። ግማሹንም በልተሻል። ማኅበርተኛው ሲጠይቀኝ ስምሽን ላለማንሣት ብዬ ካድኩ።
ስለዋሸሁ ይቅርታ የምጠይቀው እነሱን ነው።

ማኅበርተኞቹ ለድግስሽ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ምስር ወጡ ድስቱ ውስጥ ነው፣ ጨው ይጎድለዋል። ውሃ በጀሪካን ቀድቻለሁ፣ ወንበሩንም ደርድሬያለሁ። እኔ ናጉሩ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቦንቱ ቤት ገብቻለሁ።
አትደውዪ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼው ነው የሄድኩት፤ ደብዳቤው ስክሪኑ ላይ ነው። ከፈለግሽ አጥፊው። ኮፒውን ግን ጠዋት ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለእማማ ዘርፈሽ አድርሻለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነቡት ነው ትቻቸው የወጣሁት።

ፋንቱ