በሦስተኛ ክፍል ልጆች እጅ ስላለው አርጩሜ

ግንቦት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አባይነህ፣
የአስታ አፋፍ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ቀኝ ክንድዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን፤ ሁለት ጆሮ ያለን በሁለቱም፣ አንድ የቀረን በአንዱ የደወልዎን ድምፅ እየሰማን እንኖራለን።

እኔ የበግ ጠጉር ፈትዬ ዘመሮ ገበያ የምሸጠው ጌታነሽ ነኝ፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ የአደይ እናት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ ነውና፣ ለእርስዎ ማዕረግ የማይመጥን ቃል ቢያመልጠኝ ይታገሱኝ። ደብዳቤውን በቀበሌው ሰሌዳ የለጠፍኩት ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቼ ያነበበ ሁሉ እንዲያነብላቸው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ለልጄ ስለሰጧት ሹመት አመሰግናለሁ። በመስከረም ተማሪዎች አንድ ለአምስት ይደራጁ ተብሎ መመሪያ ሲወርድ፣ አደይን የአምስት ልጆች መሪ አደረጓት። መመሪያው ጎበዙ ሰነፉን ያስጠና ይላል እንጂ ስለ ዱላ አንድ ቃል እንደሌለበት ያነበቡት ነግረውኛል፤ ከቆላ ያስመጡትን የወይራ አርጩሜ በየመሪው እጅ ማስያዝ የራስዎ ፈጠራ ነውና አድናቆቴ ይድረስዎ።

ከዚያ በፊት ልጄ ኋላ ቀር በሆነ መንገድ ታስተምር ነበር። ከአምስቱ አንዷ፣ የጎረቤቴ የእስከዳር ልጅ ሳሌም፣ ስትናገር ትንተባተባለች፤ በሰው ፊት መልስ ከአፏ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል። ሁለቱ ጓሮዬ ገበጣ ቆፍረው፣ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት ጠጠር እየጨመሩ፣ ማባዛትን እስከ ስድስት ያደረሱት ማንም ሳይቆጣቸው ነው። ሳሌም ስትሳሳት አደይ ጠጠሩን አፍሳ ከመጀመሪያው ትጀምርላታለች፤ አደይ ስታጭበረብር ደግሞ ሳሌም ትይዛታለች፣ ይኳረፋሉ፣ ወዲያው ይታረቃሉ። በጨዋታ መሃል ሳሌም አትንተባተብም ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ያባከኑት አርጩሜ ስላልነበራቸው ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጠናው። በመጀመሪያው ቀን ሳሌም «ስድስት ጊዜ ስምንት» ተብላ ስትዘገይ፣ አደይ እንድትመታት አዘዙ። አደይም «ጋሼ፣ ታውቀዋለች፤ ትንሽ ይጠብቋት» አለችዎ። መጠበቅ አልወደዱምና ልጄን በክፍሉ ፊት አቁመው ባቷን አሥራ አንድ ጊዜ ገረፏት፤ ልጆቹም ቆጠራ ይለማመዱ ዘንድ በአንድ ድምፅ እንዲቆጥሩ አደረጉ። ቤት ስትመጣ ቀሚሷ ከቁስሉ ተጣብቆ በሞቀ ውሃ ነው ያላቀቅኩት። መጥቼ ብጠይቅዎ «ዱላ ያልቀመሰ ልጅ ሰው አይሆንም» አሉኝ። እርስዎ የተማሩ ነዎትና አምኜ ተመለስኩ።

የቀረውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። በማግስቱ አደይ ሳሌምን ቀስ አድርጋ መታች። ቀስ ብሎ መምታት ስንፍና መሆኑን አስረድተው፣ እጇን ይዘው፣ ክንድ ከትከሻ እንዴት እንደሚነሳ አሳዩዋት። ልጄ ነገር ቶሎ ይገባታል፤ በኅዳር ሳትታዘዝ ትመታ ጀመር። በታኅሣሥ ሳሌም መልሱ አልወጣ ብሏት ፊቷን ስታዞር አርጩሜው ጆሮዋ ላይ አረፈ። ደሙ በአንገቷ ወርዶ ደብተሯን አራሰው። የጤና ጣቢያው ሐኪም የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል አለ፤ እርስዎ ደግሞ ስትሮጥ ወድቃ ነው ብለው ጻፉ። ሳሌም ፈርታ ዝም አለች፤ አደይም ዝም አለች። በጥር የወላጆች በዓል ላይ የአደይ ቡድን ውጤቱን አሻሽሏል ብለው ሰርተፊኬት ሲሰጧት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እልልታውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

የሚቀጥለው በራሴ ቤት የሆነ ነውና ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ ከደጅ ሳለሁ «ሁለት ጊዜ ሁለት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የልጄ ድምፅ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ የእርስዎን ይመስል ነበር። ስገባ የአራት ዓመቱ ልጄ ይታየው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አያለቅስም። ገና ጥያቄው ሳይጠየቅ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። መዳፉ ከማበጡ የተነሳ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል።

አርጩሜውን ነጥቄ አደይን መታኋት። ስንት ጊዜ እንደመታኋት አላውቅም፤ የሚቆጥርልኝ ክፍል አልነበረኝም። የተውኳት አርጩሜው ሲሰበር ነው። ያን ጊዜ ዓይኗ ደረቅ እንደሆነ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ያንቺ መሪ ማነው? ካልመታሽኝ ይመታሻል?» አለችኝ። ልትሰድበኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። የሳሌምን ጆሮ ጨምሮ ሁሉንም ያን ጊዜ ነገረችኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አደይ እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ እስከዳር ደጅ ተንበረከከች። «ይቅር በይኝ» ስትል ሳሌም አልሰማቻትም፤ አደይ የነበረችው በተጎዳው በግራ ጆሮዋ በኩል ነው። እስከዳር ቁጣዋ ገንፍሎ ከበሩ ጥግ ዱላ አነሳችና ለሳሌም ሰጥታ «በይ መልሺላት!» አለች። እኔም አልከለከልኩም። በግ ከማሳ ስታባርር እንኳ ጠጠር የማትወረውር ልጅ፣ ክንዷን ከትከሻዋ አንስታ፣ ልክ እርስዎ እንዳሠለጠኑት፣ የአደይን ጀርባ ደጋግማ መታች። እየቆጠረች ነበር የምትመታው፤ አንዴም አልተንተባተበችም። አሥራ አንድ ካለች በኋላም አላቆመችም፤ እናቷ እየጮኸች ነጠቀቻት። እኔና እስከዳር መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ልጆቹ ግን አላለቀሱም፤ ቆመው ያዩን ነበር።

ሁለታችን ወደ ቢሮዎ የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሉን «እናንተ የልማት እንቅፋት ናችሁ» አሉን፤ ስማችንም በዚሁ ማዕረግ በቀበሌ ስብሰባ ተነበበ። ለሹመቱ እናመሰግናለን። ሁለቱን ልጆች ከትምህርት ቤት አስወጥተን ቤት አስቀመጥን። ለብዙ ሳምንት ጓሮዬ ፊትና ጀርባ ሆነው ይቀመጡ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሳሌም ራሷ መጥታ አደይን በቀኟ አስቀመጠቻትና ጠጠር ማደል ጀመረች። አደይ ቆጠራ ስትስት ደንግጣ ራሷን በክንዷ ጋረደች። ሳሌም የአደይን ክንድ ይዛ ቀስ ብላ አወረደችው። እኔ በበሩ ስንጥቅ ነበር የማየው፤ ለመውጣት ድፍረት አላገኘሁም።

እንግዲህ አንድ ትሕትና የተሞላበት ልመና አለኝ። አርጩሜው አሁንም በብዙ ልጆች እጅ ነው። እስከ ዓርብ ሰብስበው እንዲያስቀምጡ እንለምንዎታለን። የማይመችዎ ከሆነ አይቸገሩ፤ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አሥራ ሰባት እናቶች መጥተን ከየልጆቻችን እጅ ራሳችን እንቀበላለን፣ ልጆቹንም ይዘን እንወጣለን። እርስዎም የሚመሩት አጥተው ባዶ ወንበር ይቆጥራሉ።

ቀለም በቆጠሩት ፊት የማንቆም፣ ነገር ግን በልጆቻችን ፊት ለመቆም የተገደድን፣ በሰርተፊኬትዎ ልባችን የተነካ፣ ለክንድዎ ረጅም ዕረፍትን አጥብቀን የምንመኝልዎ፣
ታዛዥዎ ጌታነሽ

ግልባጭ፦
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ማሳሰቢያ፦ ደብረ ብርሃን በግል ትምህርት ቤት የምትማረው ልጅዎ ጽዮን ለፋሲካ መጥታ ከልጆቻችን ጋር ስትጫወት ነበር፤ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ፣ ደስ የምትል ልጅ ናት። ልጆቹ «መልሱን ሳታውቂው ስትቀሪ ምን ትሆኛለሽ?» ብለው ጠየቋት። እሷም «አላውቅም እላለሁ፤ ከዚያ መምህሯ ታስረዳኛለች» አለቻቸው። ውሸታም ብለው ከጨዋታው አስወጧት።