ራሴን አይደለም የሚያመኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? አባዬስ እንዴት ከርሟል፤ ሳሉ ለቀቀው ወይስ ዛሬም ግድግዳውን ያነቃንቃል? ታናሼስ ትምህርቱ እንዴት ይዟታል? ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ በናፍቆታችሁ ከመንገብገቤ በቀር በሕይወት አለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን። «ደህና ነኝ» ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብሎ ትሰሚዋለሽ።

ታናሼ፣ ይህን ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ላስጠንቅቅሽ። አባዬ አጠገባችሁ ቢቀመጥ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ፤ መስመርም እንዳትዘዪ። ቢያፍር ይፈር። እኔ አፍሬ ምን እንዳተረፍኩ አሁን ትሰሙታላችሁ።

እማዬ፣ «አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ፣ ከሰው አገር ሰው ጋር ምን አጋፋሽ» ብለሽ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ወሬው እንዴት ቀድሞኝ እቤት እንደገባ እንጃ፤ መቼም ወሬ ፓስፖርት አይጠየቅም። ግን ያወራልሽ ሰው ግማሹን ውጦታል። ሙሉውን ከእኔ ስሚው።

እንደምታውቂው የምሠራው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበትና የሚተኮስበት ቤት ነው። እርጥቡን አንሶላ ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ወጥረን ለትልቁ መተኮሻ እናጎርሰዋለን፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ተቀብለው ያጥፉታል። ቀኑን ሙሉ ቆመን ነው። ስንታመም የድርጅቱ ሾፌር ክሊኒክ ይወስዱናል፤ ቋንቋውን ስለማናውቅ የሚያስተረጉሙልንም እሳቸው ናቸው። የአገራችን ሰው ናቸው፣ አባዬን የሚያክሉ፣ የመኪናውን በር ሳይቀር የሚከፍቱልን ጨዋ ሰው። ችግሩም እሱ ነው። አንቺ ብትሆኚ አባትሽን በሚያክል ሰው ፊት ደም ይፈሰኛል ትያለሽ? እኛም አላልንም። ማህፀኗን የሚያማትም፣ ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰችም፣ ሁላችንም «ራሴን ነው» እያልን ተመለስን። ሐኪሙ ግራ ገባው። እንፋሎቱ ይሆናል ብሎ መስኮት አስከፈተ፣ ሳሙናውን አስለወጠ፣ ለሦስታችን ደግሞ መነጽር ታዘዘልን። ዓይኔ ከንስር አይተናነስም፤ የእኔው መነጽር አልጋዬ ሥር አቧራ ይጠጣል።

እኔ ደም ሲፈሰኝ ነው የከረመው እማዬ። እየባሰ ሄዶ አንድ ጠዋት አንሶላ ወጥሬ እንደያዝኩ ዓይኔ ጨለመ። ማዶ የያዘችው ጓደኛዬ፣ ቀጮ የምንላት፣ አንሶላውን ጥላ ባትደግፈኝ የጋለው ብረት ላይ ነበር የምወድቀው። ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ጋሼ ሾፌር እንደለመዱት «ራስሽን ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ። ያን ጊዜ እልህ ያዘኝ። በይሉኝታ ልሞት ነው እኮ አልኩ በሆዴ።

«ጋሼ፣ ራሴን አይደለም የሚያመኝ» አልኳቸው። «ለእርስዎ የማልነግርዎት ነገር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይውጡልኝ፤ ሴት አስተርጓሚ ካልመጣልኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

ፊታቸው በላብ ወረዛ፤ ያልኩትን ግን ሳያጎድሉ ለሐኪሙ ነገሩት። ሴት አስተርጓሚ የለንም ማለቱንም ለእኔ ነግረውኝ ወጡ። ሐኪሙ በእጁ በሩን አሳየኝ። ተቀመጥኩ። ዘበኛ ተጠራ። ዘበኛውም አየኝ፣ ምን እንደሚያደርገኝ ጠፍቶት በር ላይ ቆሞ ቀረ። በኋላ ነርሷ ስልክ ይዛ መጣች፤ ሌላ ከተማ ሆና በስልክ የምታስተረጉም የአገራችን ሴት አፈላልጋ አግኝታልኝ ነበር። «አይዞሽ እህቴ» ስትለኝ አምቄ የኖርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። መርምረው ማህፀኔ ውስጥ ዕጢ አገኙ። ክፉው ዓይነት አይደለም ብለውኛል፤ ግን በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት።

አለቃችን ይህን ሲሰማ የታመመ ወደ አገሩ ይመለስ አለ። ለሕክምና እየተባለ በየወሩ ከደሞዜ ሲቆረጥ ግን ተመለሺ ያለኝ አልነበረም። አልሄድም አልኩት። አንቺ ጋ የደረሰው ወሬ ይኼ ነው። ያልደረሰሽን ልንገርሽ። በማግስቱ ጠዋት ቀጮ፣ ያቺ ካፏ ቃል የማይወጣ ልጅ፣ ጋሼ ሾፌርን አስጠርታ አለቃው ፊት ቆመች። «ይንገሩልኝ» አለቻቸው፤ «የእኔም ራስ ምታት አይደለም።» ቀጥላ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ በመጨረሻ ሁሉም። ጋሼ የእያንዳንዷን ተረጎሙ። አለቃው ማንን አባሮ ማንን ያስቀር? ያን ሁሉ አንሶላ ማን ሊያጥፍለት? ተመለሺ ማለቱን ትቶ ወደ ቢሮው ገባ።

የኦፕራሲዮኔ ቀን ተቆርጧል፤ የፊታችን ሰኞ ነው። አሁን አንዳችን ስትታመም ሌላዋ አብራ ትሄዳለች፣ የቀረነው ሥራዋን እንሸፍናለን፣ ነርሷም ያቺን ሴት በስልክ ታገናኘናለች። ጋሼ ሾፌር መኪናቸውን ብቻ ይነዳሉ። አንድ ቀን ስንመለስ፣ «ራሴን ነው ስትሉኝ እኔም እፎይ እል ነበር፤ ሌላውን መስማት ፈርቼ ነው» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም።

እፈራለሁ እማዬ፣ አልዋሽሽም። ልጅ መውለድ ይቀርብኝ እንደሆን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን አንገቴን አልደፋም፤ ተመለሺም አትበዪኝ። እድናለሁ፣ እሠራለሁ፣ ስፈልግ እመጣለሁ።

ታናሼ፣ አባዬ እዚህ ድረስ ሰምቶ ካልወጣ ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ከወጣም ጠርተሽ ሳሚልኝ። ወንድም ጋሼን ከነሚስቱ፣ ልጆቻቸውን አገላብጠሽ፣ አክስቴን፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በዪልኝ። አንቺንም ዓይን ዓይንሽን ስሜሻለሁ።

አንቺን እማዬ ግን ስሜሽ ብቻ አልለቅሽም። ልጅ ሆኜ፣ ሻሽሽን ግንባርሽ ላይ ጥብቅ አድርገሽ አስረሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ትተኚ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ስንልሽ «ራሴን ነው፣ ያልፋል» ትዪናለሽ። እስካሁንም እንደዚያው ነሽ አሉ።

እውነት ራስሽን ነው? ታናሼ፣ እዚህ ላይ ንባቡን አቁሚና መልሷን ጠብቂ።

ልጅሽ፣
ከመተኮሻው ቤት ፎቅ ላይ ካለው መኝታ ክፍላችን፣
ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን