የእቴቴ ዓይንና የዳዳቻ ኮድ

ይድረስ በሰው አገር ለሚደክመው ለታላቅ ወንድሜ ለሽመልስ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ በብየዳ እሳት የሚቀላው ዓይንህስ? መነጽሩን ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ግንባርህ ላይ ሰቅለኸው ትውላለህ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ሁላችንም አለን። ዘንድሮ ዝናቡ አላሳፈረንም፣ ከብቱ ጠግቧል፣ ወተቱም ረክሷል። የጎደለን ያንተ መምጣት ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ነገሩን በስልክ ልነግርህ ስላልቻልኩ ነው። ስደውልልህ እቴቴ አጠገቤ ናት፤ ጆሮዋ ደግሞ እንደምታውቀው ግድግዳ ዘልቆ ይሰማል። ባለፈው ዓይኗ እንዴት ነው ስትለኝ "ደህና ናት" ያልኩህ ክንዴን እየቆነጠጠችኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እናታችን ዓይኗ ጠፍቶ ነበር ጋሼ። እኔ፣ የዓይን ሲስተር ልጇ፣ አንድ ቤት እየኖርን አላወቅኩም። አትደንግጥ፣ አሁን ታያለች። እንዴት እንደታወቀባት ስነግርህ ትስቃለህ፤ ስቀህ ስትጨርስ ደግሞ የምጠይቅህ ነገር አለኝ።

ጣጣው ሁሉ የመጣው በኮድ ነው። ድሮ በክሊኒካችን ሥራው ቀላል ነበር። በሽተኛው ይገባል፣ ዓይኑን በባትሪ አየዋለሁ፣ መዝገቡ ላይ "ሞራ" ብዬ እጽፋለሁ፣ አለቀ። መስከረም ላይ ግን አዲስ ደንብ ወረደ። ከእንግዲህ በሽታ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ በፊደልና በቁጥር ይመዘገባል ተባለ። የቀኝ ነው የግራ? ወይስ የሁለቱም? ጀማሪ ነው የቆየ? ምን አመጣው? እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ሲለካ ምን ያህል ያያል? ከዚህ አንዷ ከጎደለች ማሽኑ እንቢ ይላል። "ያልተገለጸ" ብሎ ማለፍ ደግሞ ክልክል ነው። ይህን የሚያስተምረንም የሚቆጣጠረንም የካርድ ክፍል ኃላፊው ዳዳቻ ሆነ። ዳዳቻን አትረሳውም፤ ያ አብሮህ ኳስ የሚጫወተው፣ በረኛ ሆኖ የገባበትን ጎል ሁሉ ከዳኛ ጋር የሚከራከረው። ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሟቹ በየትኛው ኮድ እንደሞቱ ጠይቆ ሊደበደብ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ባልነግርህ ይሻላል። ደንቡ በሽተኛው አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የተናገረው ቃል እንዳለ ይመዝገብ ይላል። እንግዲህ የእኛን አገር ሰው ታውቃለህ። ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ከአሬሮ ድረስ ይመጣና እንዴት ነህ ለማለት "አካም?" ስትለው "ናጋ"፣ ሰላም፣ ነው መልሱ። ከብቱስ? ናጋ። ልጆቹስ? ናጋ። ዓይንህስ? ናጋ! ሰላምታው ተሟጦ ሳያልቅ ሕመም ማውራት ነውር ነው። እኛም ከነዳዳቻ የዚሁ አገር ልጆች ሆነን ሳለን፣ ማሽኑን ፈርተን የመጀመሪያውን ቃል መዘገብን። ደህና ነው፣ ደህና ናት፣ ደህና ናቸው። በሳምንቱ ከበላይ ተደወለ። በሪፖርታችሁ መሠረት ክሊኒኩ የመጣው ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው፣ ታዲያ የዓይን ጠብታውን ማን ጨረሰው አሉን። ኃላፊያችን ጃልዴሳ ስልኩን እንደያዘ ላብ በላብ ሆነ።

ቀጥሎ ደግሞ ሽማግሌው ጉራቻ መጡ። ላማቸውን ሲያልቡ በጭራዋ ዓይናቸውን ገርፋቸዋለች። በድሮው ጊዜ ቢሆን "የላም ጭራ መታቸው" ብዬ ቅባቱን ሰጥቼ እሸኛቸው ነበር። ዳዳቻ ግን መንስኤውም ኮድ ያስፈልገዋል ብሎ ያን ዳጎስ ያለ መጽሐፉን ይገለብጥ ጀመር። ከጠፈር መንኮራኩር ለወደቀ ሰው ኮድ አለው። በረዶ ላይ ሲንሸራተት ለተሰበረም አለው። ለላም ጭራ የለውም። ላሟ ነክሳቸዋለች ብንልስ ብሎ ሲያማክረኝ ሽማግሌው ሰሙትና ብድግ አሉ። የእኔ ላም ሰው አትነክስም፣ ስሟን አታጥፉ፣ እግሯ ላይ ጋዲውን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ ብለው ጮኹብን። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ በአንዲት ጭራ ግማሽ ቀን አለቀ፣ ውጭ የተሰለፈው ሰው ደግሞ ይረግመናል። ሌላው ሽማግሌ ዶዮ በበኩላቸው የትኛው ዓይንዎ ነው የሚባሰው ስላቸው፣ ሁለቱም የእናቴ ልጆች ናቸው፣ አላበላልጥም ብለውኝ አረፉት።

በዚህ መሃል የምሥራች መጣ። የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ድሮ የተሰለፈውን ሁሉ ይሠሩ ነበር። ዘንድሮ ግን ስሙ በትክክለኛ ኮድ ቀድሞ ካልተላከ ማንንም አይነኩም። ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ አቤት ማለት የለም።

እቴቴን ከዚህ ነገር ጋር ማን ያያይዛታል? በየቀኑ ጠዋት ምሳዬን ይዛ አብራኝ ትመጣለች፣ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፣ የሚያልፈውን ሁሉ ቀድማ በስሙ ትጠራዋለች። በድምፁ እንደምትለየው ማን ጠርጥሮ! እርግጥ አንዳንድ ነገር ነበር። አንድ ቀን ሻዬ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመረችበት። ስጮህባት፣ የቦረና ልጅ አግብተሽ እስካሁን ጨው ያለበት ሻይ አለመድሽም እንዴ ብላ እኔኑ አሳፈረችኝ። ባለቤቴ ጃታኒም እሷን ደግፎ፣ ሻዩን ጠጥቶ አስደገመ። ያም ሆኖ ጠርጥሬ ሰሌዳው ፊት አስቀምጫት ነበር። ያ ባለ ሦስት ጣት ምልክት ያለበት ሰሌዳ፤ ጣቶቹ ወደ ላይ ከሆኑ "ወደ ላይ"፣ ወደ ታች ከሆኑ "ወደ ታች" እያሉ ጮክ ብለው የሚጠሩበት። እስከ መጨረሻዋ ረድፍ አንዲት አልሳተችም። ዓይንሽ ከእኔ ይበልጣል ብዬ ሳምኳት።

ዝርዝሩ የሚዘጋ ዕለት ጠዋት ዳዳቻ መጣና፣ ሲስተር፣ የሁለቱን ዓይን ልኬት ስታስገቢ ታምታቻለሽ፣ እስቲ መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ላይ ተለማመጂ አለኝ። ከእቴቴ የተሻለ ጤነኛ ዓይን ከየት ይምጣ? ከአግዳሚው ጠራኋት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳቀረቀርኩ ግራሽን ሸፍኚና ጀምሪ አልኳት። ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ አንበለበለችው። ቀኝ ዓይን፣ ሙሉ ብዬ መዘገብኩ። ቀኙን አስሸፈንኳት፤ አሁንም አንበለበለችው። ግራ ዓይን፣ ሙሉ። አስገባሁት። ቀና ስል ዳዳቻ በሩ ላይ ቆሞ አፉን በእጁ ይዟል።

ቀስ ብሎ፣ ሲስተር፣ ሰሌዳው እኮ እዚህ የለም አለኝ። ለካ ጠዋት ያን ትልቁን የኮድ ወረቀት የሚለጥፍበት ቦታ አጥቶ ሰሌዳውን ነቅሎ ኮሪደር ላይ ሰቅሎታል። እናታችን ከላይ እስከ ታች ያነበበችልን የዳዳቻን የበሽታ ኮድ ነው! እኔ ደግሞ አንዴ እንኳ ቀና ብዬ ግድግዳውን ሳላይ ሁሉንም ትክክል ብዬ መዘገብኩላት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ከሁለታችን ዕውሯ ማን እንደሆነች አንተው ፍረድ።

ዳዳቻ ሳቀ፣ ጃልዴሳም መጥቶ ሳቀ፣ እኔም ስቄ ስቄ መጨረሻ ላይ ማልቀስ ጀመርኩ። እቴቴ ብቻ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በሽተኛው ሁሉ ሲጠራው ስትሰማ ሰሌዳውን በቃሏ ይዛዋለች። ለምን እንዲህ አደረግሽኝ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? የዓይን ሲስተሯ እናት ታወረች ከተባለ ማን አምኖ ዓይኑን ይሰጥሻል፣ ስምሽ እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለችኝ። አንጀቴ ተቃጠለ ጋሼ። 

በትልቁ መመርመሪያ ሳያት ሞራው ሁለቱም ዓይኗ ውስጥ ጠጥሯል፤ እንደ ሌላው ነጭ ሆኖ ከውጭ የሚታይ ዓይነት አይደለም። ጣቶቼን ፊቷ ላይ ዘርግቼ ስንት ናቸው ስላት አታውቅም። የእይታዋ መጠን ኮምፒውተሩ ላይ ሲመረጥ የሚመጣው ስም አንድ ነው፤ "ዕውር" ይላል። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ምን ብለሽ ጻፍሽ አለችኝ። ትንሽ ደከም ብሏል ብዬ ነው አልኳት። ደከም ብሏል የሚባል ኮድ የለም፣ ዳዳቻ ሲናገር በመስኮት ሰምቻለሁ፣ ዕውር ናት ብለሽ ጻፊ፣ አለዚያ አይሠሩኝም ብላ ተቆጣችኝ። ተጫንኩት።

ማሽኑ ግን እንቢ! እኚህ ሴት አሁን በዚህች ደቂቃ ሁለቱም ዓይናቸው ሙሉ ነው ብላችኋል፣ እንዴት ታወሩ፣ የስሕተቱን ምክንያት ግለጹ አለን። ምርጫም ሰጠን፤ የጽሕፈት ስሕተት፣ የመሣሪያ ስሕተት፣ ሌላ። የጽሕፈት ስሕተት በለውና እንገላገል ስለው ዳዳቻ እኔ ሰነድ ላይ አልዋሽም አለ። "ሌላ" የሚለውን ከፈተና "እናቷ ዋሸቻት" ብሎ ጻፈ። ልንልከው ስንል ኔትወርኩ ድርግም። ዝርዝሩ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ስድስት ሰዓት ደግሞ ደርሷል። ጃልዴሳ ያን ሁሉ ሆዱን ተሸክሞ በስልኩ ሊልከው የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ወጣ። በሽተኛው ሁሉ ከታች ተሰብስቦ አንዱ ወደ ሞያሌ በኩል ዙር፣ ሌላው የለም ወደ ያቤሎ በኩል እያለ ይመራዋል። እኔ ማማውን አቅፌ ስለት እሳላለሁ። ሄደ ብሎ ሲጮህ ግቢው በእልልታ ቀለጠ፤ ግማሹ ሰው ምን እንደሄደ እንኳ አያውቅም።

እንዲህ ሆኖ ቀኝ ዓይኗ ተሠራ። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ እጇን ይዣት ነበር። ዓይኗን ገርበብ አደረገች፣ ከዚያ ትኩር ብላ አየችኝ። ከስተሻል፣ አትበዪም እንዴ አለችኝ። ወደ ጃታኒ ዞራ ደግሞ ይህ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣብህ ብላ ደነገጠች። ቤት ስንገባ ጎረቤቱ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ተሰብስቦ ሳለ ማንንም ሳታናግር ቀጥ ብላ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶህ ሄደች። ብዙ ቆመች። ይህ ልጅ አሁን ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ። አርባ ሰባት አልኳት።

የምጠይቅህ ነገር ይሄ ነው። ሐኪሞቹ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው ግራ ዓይኗን ሊሠሩላት ቀጥረዋት ነበር። አይሆንም አለች። ጃልዴሳ ለመናት፣ ጃታኒ ሽማግሌ ሰበሰበባት፣ የነፍስ አባቷ ሳይቀሩ መጡ። መልሷ አንድ ነው። ልጄን ብዙወርቅን በቀኙ አየኋት፣ ግራው የሽመልስ ነው፣ ፋሻው የሚፈታው እሱ ፊቴ ቁጭ ብሎ ነው ትላለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አይደለም ጋሼ፤ ግትርነቷን ታውቀዋለህ፣ አንተም የወረስከው ከእሷ ነው። ሞራው በቆየ ቁጥር ደግሞ እየጠጠረ ለሐኪም ያስቸግራል። ሥራው እንደማይለቅህ፣ መንገዱም እንደማያስተማምን አውቃለሁ። ቢሆንም ና።

ጃታኒ ከዱብሉቅ ገበያ ትናንት ገብቶ "አካም ጂርታ?" ብሎሃል፤ ከነከብቶቹ ሰላም ነው። ልጄ ሚልኪ ጉንጭህን ትስምሃለች፣ አጎቴ ድምፅ ብቻ ነው ወይ ትላለች። ጃልዴሳ እግሩን እያሸ ሰላም ይልሃል። ዳዳቻም ሰላም ብሎሃል፣ ያኔ ያገባህበት ጎል አሁንም አይጸድቅም ብሏል። እዚያ አብረውህ የሚሠሩትን የአገር ልጆች በሙሉ በስማቸው ሰላም በልልኝ። እቴቴ ይህን ስጽፍ ከወዲያ ጥግ ሆና በቀኝ ዓይኗ እያየችኝ ነው። ላንቺ ምን ብዬ ሰላም ልበልልሽ አልኳት። ሰላምታ አልልክም፣ መጥቶ ይውሰድ አለች።

እህትህ ብዙወርቅ
ነገሌ ቦረና
ኅዳር 27 ቀን 2012 ዓ.ም.